ያገለገለ ሞተር ሳይክል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገዛ፦ ከቀብድ በፊት መታየት ያለበት

አስፋልት በማይደርስባቸው የከምባታና የሃዲያ ቀበሌዎች ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ታማሚን ጤና ጣቢያ ያደርሳል፤ አቮካዶና ቡና ለገበያ ያቀርባል፤ መምህሩን ከትምህርት ቤቱ፣ የግብርና ባለሙያውን ከገበሬው ማሳ ያገናኛል። አዲሱን መግዛት ግን የብዙውን ሰው አቅም ይፈትናል። በመሆኑም የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን ለመግዛት የተነሣ ሰው ዐይኑን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ባገለገለበት ላይ ነው። ገንዘቡም በቀላሉ የተገኘ አይደለም፤ በሬ ተሽጦ፣ ዕቁብ ወጥቶ ወይም ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም ልኮ የተጠራቀመ ነው።

ይህ ገንዘብ በአንድ ከሰዓት በኋላ በተፈጸመ የችኮላ ግዢ በሁለት መንገድ ሊጠፋ ይችላል። አንደኛው ብረቱ ሲያታልል፣ ሁለተኛው ወረቀቱ ሲያታልል ነው። ከሁለቱ የሚከፋው የወረቀቱ ነው። የደከመ ሞተር በገንዘብ ይጠገናል፤ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ የተገኘ ሞተር ሳይክል ግን ከነጥገናው ከገዢው እጅ ይወጣል።

የአካባቢው ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ሸኮናውን ይመረምራል፣ ጥቂት አስኪዶ አረማመዱን ይመለከታል፣ ጫንቃው ላይ የቀንበር ቁስል እንዳለ በእጁ ይዳስሳል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ከየት ቀበሌ እንደመጣ ሳይጠይቅ ገንዘብ አይቆጥርም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ሞተር ሳይክል ፊት ሲቆም ግን ብዙ ጊዜ የቀለሙን ንጣትና የሞተሩን ድምፅ ብቻ ተመልክቶ ይስማማል። ለበሬው የሚደረገው ምርመራ ለሞተር ሳይክሉም ሊደረግ የሚችል ነው፤ የሚለየው የሚዳሰሰው ቦታ ብቻ ነው።

ለየትኛው መንገድ?

ዱራሜ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ አንጋጫና ዶዮገና የሚሄድ ሰው ወደ ደጋው ይወጣል፤ ወደ ሀደሮና ጠምባሮ የሚያመራው ደግሞ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ አንድ ሞተር የሚያመነጨው ጉልበት በባሕር ጠለል ላይ ከሚያመነጨው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አንድ መቶ ሲሲ ጉልበት ያለው ሞተር ሳይክል በከተማ ውስጥ አንድን ሰው ያለ ችግር ያመላልሳል፤ ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ጭኖ የደጋውን አቀበት እንዲወጣ ከተፈለገ ግን ዕድሜውን በዝቅተኛ ካምቢዮ ሲያቃስት ይጨርሳል። ለእንዲህ ያለው ሥራ 125 ወይም 150 ሲሲ ያለውን መፈለግ ይሻላል።

በኢትዮጵያ የገጠር ከተሞች በብዛት የሚታዩት ሞተር ሳይክሎች የሕንድና የቻይና ሥሪቶች ናቸው። ቲቪኤስና ቦክሰር ከሕንድ የሚመጡ ሲሆኑ፣ ቦክሰርን የሚያመርተው ባጃጅ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ስሙ በአገራችን ለባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ከሥሪቱ ዝና ይልቅ ለገዢው የሚጠቅመው ግን መለዋወጫው በዱራሜ ወይም በሆሳዕና ሱቆች መደርደሪያ ላይ መኖሩ ነው። ብዙ ሰው የማይነዳው ሥሪት ዋጋው ረክሶ ቢገኝም፣ ለአንድ የፍሪስዮን ሸራ አዲስ አበባ ድረስ መላክ የሚያስፈልግ ከሆነ ርካሽነቱ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ሻጭ ዘንድ ከመሄድ በፊት መለዋወጫ ሱቅ ጎራ ብሎ የሁለት ጎማ፣ የካቴና ከነጥርሶቹ፣ የባትሪ፣ የፍሬን ሸራና የሞተር ዘይት የዕለቱን ዋጋ ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ይህች ወረቀት ኋላ በድርድሩ ጊዜ ከደላላው ንግግር ሁሉ የበለጠ ትረዳለች።

መካኒክ ይዞ መሄድም ግድ ነው። መካኒኩ የገዢው እንጂ የሻጩ ወይም የደላላው ሊሆን አይገባም። የቀን ድካሙንም ግዢው ቢፈጸም ባይፈጸም ገዢው ራሱ መክፈል አለበት፤ ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ የሚከፈለው ባለሙያ እንከን ለማግኘት አይቸኩልም።

ሞተሩ ሳይሞቅ

ለምርመራ ቀጠሮ ሲያዝ ሞተር ሳይክሉ ከማለዳው ጀምሮ እንዳይነሣ ለሻጩ አስቀድሞ መንገር ይገባል። የሞቀ ሞተር ብዙ በሽታ ይደብቃል። ገዢው እንደደረሰ እጁን ወደ ሲሊንደሩ አስጠግቶ ሙቀት ካገኘ፣ ሻጩ በቅንነት ገበያ ደርሶ የመጣ ሊሆን ቢችልም፣ ምርመራውን ለሌላ ቀን ማዛወር ይሻላል። አጥጋቢ ምክንያት ሳይኖር ለሁለተኛ ጊዜ ሞቆ ከተገኘ ሌላ መፈለግ ነው።

ከማስነሣት በፊት ዘይቱ ይታያል። ሞተር ሳይክሉ በጎን ማቆሚያው ሳይጋደል ቀጥ ብሎ በደልዳላ መሬት ላይ መቆም አለበት። በብዙ አነስተኛ ሞተሮች የዘይት መለኪያው ዘንግ ተጠርጎ ሲመለስ ጥርሱ ሳይጠበቅ እንዲሁ ተቀምጦ ነው የሚነበበው፤ አጥብቆ መለካት የሌለ ዘይት ያለ ያስመስላል። ጥቁር ዘይት ብቻውን አያስደነግጥም፣ የዘገየ ቅያሬ ምልክት ነው። ወተት የመሰለ ዘይት ግን ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ በክረምት ጅረት ሲሻገር የሰመጠ ሞተር ሳይክል እንዲህ ያለ ምልክት ይተዋል። በጣት ሲታሽ የብረት ብናኝ የሚያብለጨልጭበት ከሆነ ደግሞ ውስጡ እየተፋጨ ነው። ዘይቱ ከተለመደው በጣም ወፍሮ ከተገኘ ድምፅ ለመደበቅ ታስቦ የተሞላ እንዳይሆን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ይነሣ። የጭሱ ቀለም ብዙ ይናገራል። በማለዳ ለጥቂት ጊዜ የሚታይ ነጭ እንፋሎት የተለመደ ነው፤ ማርሚታው ሲሞቅ ይጠፋል። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ደጋ ሲወጣ ይህን ያደርጋል፤ በማስተካከልና ማጣሪያውን በማጽዳት የሚድን በመሆኑ ለዋጋ መደራደሪያ እንጂ ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም። አስጊው ሰማያዊው ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይመሰክራል። ነዳጅ ሲሰጠው የሚወፍር ከሆነ የፒስተን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል፤ ለረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ተዘግቶ ቆይቶ እንደገና ሲሰጠው የሚፈነዳ ከሆነ ደግሞ የቫልቮቹ መቀመጫ አካባቢ ላልቷል። ሁለቱም ሞተር አስከፍተው የሚያሠሩ ናቸው።

ድምፁም እንዲሁ ይለያል። ከላይ ከቫልቮቹ አካባቢ የሚሰማ ቀጭን የመዶሻ ድምፅ ብዙ ጊዜ በማስተካከያ ይስተካከላል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ከታች ከሆድ ዕቃው የሚመጣ ወፍራም ንኳኳት ግን የዘንጉ ኩሽኔታ መላላቱን ያመለክታል፤ በዚህ ጊዜ የሚገዛው ሞተር ሳይክል ሳይሆን የጥገና ወረፋ ነው። ጆሮው ያልሠለጠነ ገዢ አንድ ረጅም ብሎን መፍቻ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቢያዳምጥ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይለይለታል። ከሚሽከረከረው ካቴና ራቅ ማለትን ግን መርሳት የለበትም።

ከተነሣ በኋላ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ለአምስት ደቂቃ ያህል በራሱ መቆየት አለበት። የሚጠፋ ከሆነ የካርቡራተር መቆሸሽ ሊሆን ይችላል። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ በላስቲክ ኮዳ ከመንገድ ዳር የሚገዛው ነዳጅ ውኃና ቆሻሻ ስለማያጣው፣ ሰልባትዮው ከውስጥ ዝጎ ይገኛል። ክዳኑን ከፍቶ በቀን ብርሃን ወይም በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ማየት ይቻላል። ክብሪትና ላይተር ወደዚያ አያቀርቡም፤ ነገሩ ግልጽ ቢመስልም ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም።

አጥንቱ

ሞተር ተከፍቶ ይታደሳል፤ ሻንሲ ግን የሞተር ሳይክሉ አጥንት ነው። በአካባቢው ሞተር ሳይክሎች የሚደክሙት ከፍጥነት ይልቅ በጭነት ነው። ሦስት ሰው አንዳንዴም አራት፣ ከኋላ የተበየደ የብረት መጫኛ፣ በላዩ የቡና ወይም የዝንጅብል ጆንያ፤ ይህን ለዓመታት የተሸከመ ሻንሲ ከመቀመጫው ሥርና የኋላው አሞርዛተር ከሚታሰርበት ቦታ መሰንጠቅ ይጀምራል። መቀመጫውን አንሥቶ፣ ጭቃውን በጨርቅ ጠርጎ፣ የብየዳ መስመሮቹን አንድ በአንድ መከተል ያስፈልጋል። ፋብሪካው የበየደው መስመር ወጥና የተስተካከለ ነው፤ የመንደር ብየዳ ጉብታው ይታያል። አዲስ ቀለም በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተገኘ ከሥሩ ምን እንዳለ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

መሪው የሚገባበት የፊት አንገት የግጭት መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ተጠምዝዞ ሲያልቅ የሚያርፍባት ትንሽ የብረት ማቆሚያ አለች፤ ከተጣመመች ወይም ከተሰበረች ሞተር ሳይክሉ ክፉኛ ወድቆ ያውቃል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ መሪውን በቀስታ ሲያዞሩት መሀል ላይ ሲደርስ የሚይዝ ነገር ካለ ኩሽኔታው ተጎድቷል። የፊት ሹካዎቹን ፍሬን ይዞ ወደታች መጫን፣ ከዚያ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ ማየት፤ ዘይት ካረጠበው ማሸጊያው ተቀዷል። በመጨረሻም አሥር ርምጃ ወደ ኋላ ርቆ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር ላይ መቆማቸውን መመልከት ነው። ይህ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ በሬ ሲገዛ ከኋላ ሆኖ ወገቡን እንደማየት ያለ ነው።

ካቴናው ከኋላው ትልቅ ጥርስ መጨረሻ ላይ በጣት ተይዞ ወደ ኋላ ሲሳብ ከጥርሱ ግማሽ በላይ ከተነሣ አልቋል። ጥርሶቹም ቀጥ ብለው መቆም ሲገባቸው እንደ ማጭድ ወደ አንድ ጎን ከጎበጡ እንዲሁ። አዲስ ካቴና ባረጀ ጥርስ ላይ ማሰር ገንዘብ ማባከን በመሆኑ ሦስቱ በአንድነት ይቀየራሉ፤ ዋጋቸውም ከሞተር ሳይክሉ ዋጋ ይቀነሳል።

ጎማ ላይ ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ዕድሜውም ይነበባል። በጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክፈፍ ውስጥ የታተሙ አራት አኃዞች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታሉ። 2319 የሚል ጎማ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሳያልቅ ፀሐይ የሰነጠቀው ጎማ በዝናብ ቀን ከዳተኛ ነው። የቸርኬው ሽቦዎች አንድ በአንድ በእርሳስ ሲነኩ ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው፤ ድምፁ የሞተ ሽቦ ላልቷል ወይም ተሰብሯል።

ፍሬን፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ በዚያው ይሞከራሉ። የኋላው የፍሬን መብራት በእጅም በእግርም ሲያዝ መብራት አለበት። በጨለማ ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ሞተር ሳይክል የሚያየው በዚችው መብራት ነው።

የርቀት መቁጠሪያውን ግን ብዙ አለማመን ይሻላል። በገመድ የሚሠራው መቁጠሪያ ገመዱ ከተፈታ መቁጠር ያቆማል። እውነተኛውን ዕድሜ የሚናገሩት የሚረገጡና የሚጨበጡ ነገሮች ናቸው፦ የእግር ማሳረፊያው ላስቲክ፣ የካምቢዮ ፔዳሉ ጫፍ፣ የመሪው መጨበጫ፣ የመቀመጫው ስፖንጅ። 8 ሺህ ኪሎ ሜትር ያነበበ ሞተር ሳይክል የእግር ማሳረፊያው እስከ ብረቱ ካለቀ፣ ከሁለቱ አንዱ አይናገርም፤ የሚናገረው ላስቲኩ ነው።

አቀበትና ቁልቁለት

ሙከራው በገበያው ሜዳ ዙሪያ የሚደረግ ዙረት መሆን የለበትም። መንጃ ፈቃድ የሌለው ገዢ ራሱ አይሞክርም፤ ፈቃድ ያለው መካኒክ ይንዳለት፤ ባለቤቱም መያዣ ቢጠይቅ አግባብ ነው። አቀበት ተመርጦ በከፍተኛ ካምቢዮ ነዳጅ ሲሰጠው የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ ፍሪስዮኑ ይንሸራተታል። ሁለተኛ ካምቢዮ ገብቶ ሳይነካ የሚወጣ ከሆነ የካምቢዮው ጥርስ ተበልቷል፤ ይህም የሞተርን ሆድ የሚያስከፍት ነው። በቁልቁለት ደግሞ ፍሬኑ ይታያል፦ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል ወይ፣ የኋላው በዝግታ ሲያዝ ይንጫጫል ወይ? ሃያ ደቂቃ ተነድቶ ሲመለስ በንጹሕ ካርቶን ላይ ማቆም ያስፈልጋል። ጠዋት ታጥቦ የመጣ ሞተር ዘይት የሚያፈስበትን ቦታ የሚገልጠው ከሞቀ በኋላ ነውና ካርቶኑ ሩብ ሰዓት ይታገስ።

ወረቀቱ

ከሁሉ አስቀድሞ ሻጩ ማን ነው? ሊብሬው ላይ የሰፈረው ስም፣ የሻጩ መታወቂያና ሞተር ሳይክሉን ይዞ የቆመው ሰው አንድ መሆን አለባቸው። «የአጎቴ ልጅ ነው»፣ «ወደ ስሜ ሳላዞር ቆይቼ ነው» የሚሉ መልሶች በቅንነትም የሚሰጡ ናቸው። ገበያው ላይ ከሦስት እጅ በላይ በመንደር ውል ብቻ የተላለፉ ሞተር ሳይክሎች መኖራቸው ይታወቃል። ነገር ግን በመካከል ካሉት ሰዎች አንዱ ቢሞት ወይም አገር ቢለቅ የመጨረሻው ገዢ ስም ለማዛወር የሚያስችለው ሰንሰለት ይበጠሳል።

ቀጥሎ ቁጥሮቹ። የሻንሲው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በመሪው አንገት ላይ፣ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ በሞተሩ የታችኛው አካል ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ሁለቱም በፊደልና በአኃዝ ከሊብሬው ጋር መመሳከር አለባቸው፤ በዐይን ብቻ ሳይሆን ስስ ወረቀት ደርቦ በእርሳስ በማሸት የቁጥሩን ቅርፅ መውሰድ ይበልጣል። የተሞረደ ቦታ፣ ወጥ ያልሆነ አኃዝ፣ ቁጥሩ ላይ ብቻ የወፈረ ቀለም ሲገኝ ንግግሩ እዚያው ያበቃል። ሻንሲው ተስማምቶ የሞተሩ ቁጥር ብቻ ከተለየ ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ሆኖም ቅያሬው በመዝገብ ላይ መስፈር ስላለበት፣ ማስፈሩ የሻጩ ግዴታ እንዲሆን ከሽያጩ በፊት ማስጨረስ ይገባል።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ማንኛውም ተሽከርካሪ እንዲመዘገብና በየጊዜው እንዲመረመር ያዛል። የዚህ ማረጋገጫ የሆነውን ቦሎ ዘመኑ ያለፈበት ሞተር ሳይክል ሲገኝ፣ ሻጩ ምርመራውን አስደርጎ እንዲያቀርበው መጠየቅ ከሁሉ የሚቀል መንገድ ነው። «ቦሎውን አንተ ታወጣለህ» በሚል ዋጋ ቀንሶ መስጠት የተለመደ ቢሆንም፣ ቦሎ ሳይወጣ የቆየበት ምክንያት የገንዘብ እጥረት ብቻ ላይሆን ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድንም እንዲሁ ይታያል። ያለዚህ መድን መንገድ ላይ መውጣት በሕግ የተከለከለ ነው።

ፋይሉ ወዳለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መሄድ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይህ ነው። ሻጭና ገዢ አብረው ሄደው ዕዳ፣ እገዳ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት መኖር አለመኖሩን ያረጋግጣሉ። በርካታ ወጣቶች ሞተር ሳይክልና ባጃጅ የሚገዙት በብድር መሆኑ ይታወቃል፤ ብድሩ ሳያልቅ ንብረቱ የአበዳሪው መያዣ ሆኖ ይቆያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 እንዲህ ያለው መያዣ በመዝገብ እንዲታወቅ አድርጓል። መያዣ ያለበትን ንብረት ሳያውቅ የገዛ ሰው ዕዳውን አልተበደረም፤ ሞተር ሳይክሉን ግን ሊያጣው ይችላል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ከመመሥረቱ በፊት በቀድሞው የደቡብ ክልል የተመዘገበ ከሆነም ፋይሉ ዛሬ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚገኝ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ኋላ ከከተማ ከተማ ከመመላለስ ያድናል። ከሌላ ክልል ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ሰሌዳ ያለው ሲሆን ጥንቃቄው በእጥፍ ይጨምራል።

ያገባ ሻጭ የትዳር ጓደኛውን ይዞ መቅረብ ይኖርበታል። ዋጋ ያለው የጋራ ንብረት ሲሸጥ የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ባል ብቻውን የሸጠውን ሚስት በፍርድ ቤት ልታስፈርስ ትችላለች፤ ገዢውም ጥፋት ሳይኖርበት ተከራካሪ ሆኖ ይቆማል።

ውልና ክፍያ

በአገር ሽማግሌ ፊት፣ በሁለት ምስክር የተጻፈ ውል ክቡር ነገር ነው፤ በአካባቢው ባህልም ቃል የሚታመነው በዚህ ነው። ስም ለማዛወር ግን ውል ለማረጋገጥ ሥልጣን በተሰጠው መሥሪያ ቤት ፊት የተፈረመ ሰነድ ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቹ እዚያም ምስክር ሆነው ሊቀርቡ ስለሚችሉ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ግብር ለመቀነስ በሚል በውሉ ላይ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ የመጻፍ ልማድ አለ። ከሕግ ውጭ ከመሆኑም በላይ ጉዳቱ የሚደርሰው በገዢው ላይ ነው። ውሉ በፍርድ ቤት ቢፈርስ የሚመለስለት በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው፤ ቀሪውን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ይኸው ሕግ ገዢ የገዛውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ እያየ ለገዛው ግልጽ ጉድለት ግን ሻጭን ተጠያቂ አያደርግም። ስለዚህ በምርመራው የተገኘው ሁሉ፣ ሻጩ እጠግናለሁ ያለውም ጭምር፣ በውሉ ላይ በጽሑፍ ቢሰፍር ለሁለቱም ይበጃል።

ቀብድ ትንሽ ይሁን። ቀሪው ገንዘብ ደግሞ በጥሬው በገበያ መሀል ሳይሆን፣ ውሉ በሚፈረምበት ቀን ከባንክ ወደ ባንክ ቢተላለፍ ደረሰኙ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። «ሌላ ገዢ ከሆሳዕና እየመጣ ነው» የሚለው የደላላ ቃል ድሮም የነበረ ነው፤ እውነት ቢሆን እንኳ ያ ሰውም ቁጥሮቹን ማመሳከሩ አይቀርም። የደላላው ድርሻ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ከመነሻው መነገር አለበት።

በዚህ አካባቢ ተደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ጉዳይ አለ። የሞተር ሳይክሉ ባለቤት ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ወደ ሌላ አገር ሄዷል፤ የሚሸጠው ወንድሙ ወይም አባቱ ነው። እንዲህ ሲሆን ውክልናው ይነበባል። «እንዲያስተዳድር» የሚል ውክልና መሸጥን አይፈቅድም፤ «እንዲሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ መኖር አለበት። በውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በዚያ አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ አገር ቤትም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማለፍ ይኖርበታል። ውክልና በወካዩ ሞት ወይም በመሻር የሚያበቃ በመሆኑ፣ ሳይሻር መቆየቱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ማጣራት፣ ባለቤቱንም በስልክ ምስል አግኝቶ ሽያጩን ማወቁን መጠየቅ ነውር የለበትም። ከውክልና ወደ ውክልና እየተላለፈ የመጣ ሞተር ሳይክል ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ መተው ይሻላል።

ሻጩም ቢሆን ስም ሳይዛወር መለየቱ አይጠቅመውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት በመጀመሪያ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ መዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ሰው ከሸጠ ከዓመት በኋላ ላልነዳው ሞተር ሳይክል ፍርድ ቤት ሊጠራ ይችላል። በውሉ ላይ ርክክቡ የተፈጸመበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ቢጻፍ መልካም ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት የተረከበ ገዢ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ለተፈጸመ የትራፊክ ጥፋት አይጠየቅም፤ ሻጩም በዚያው ዕለት ማታ ለሚሆነው። ከሊብሬው ጋር ሁለቱም ቁልፎች፣ የመድን ወረቀቱና የመጀመሪያው የግዢ ደረሰኝ ካለ እርሱም አብረው ይረከባሉ፤ ዘይቱም በዚያው ሳምንት ይቀየራል።